የአራዳ መልክዐ ምድር በፎቶግራፍ

በሊቃውንቶቻችን ዘንድ «መልክዕ» የሚባል የድርሰት ዐይነት እንዳለ አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ደራሲው ከዝክረ ስም ተነሥቶ ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን ብልት በየተራው እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል፤ አንዱንም ብልት ንቆ ሳያልፍ እስከ ግንዘትና እስከ መቃብር ድረስ ይከተላል። ምድርም መልክ አላትና የአቀማመጧ ትምህርት «መልክዐ ምድር» ተብሏል። እኔም ከመቶ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የተነሡትን የአራዳንና የእንጦጦን ፎቶግራፎች በዚህ ሥርዐት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ለማንበብ አሰብሁ። ምክንያቱም እነዚህን ሥዕሎች የምናይ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንመለከተው ከፊት የቆሙትን መኳንንት ነው፤ ከበስተኋላቸው ያለውን ምድር ግን እንደ ግድግዳ ቈጥረን እናልፈዋለን።

ከመስቀል አደባባይ በላይ ባለችው ጕብታ ላይ፣ የጦር ሚኒስትር በነበሩት በራስ ብሩ ቤት፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም በ1979 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከተማይቱ የተቈረቈረችበት መቶኛ ዓመት የተከበረበት ጊዜ ነበር። በዚያም ከእቴጌ ጣይቱ፣ ከልጅ ኢያሱና ከንግሥት ዘውዲቱ ፎቶግራፎች ጋራ ከተማይቱ ገና ሕፃን ሳለች የነበራትን መልክ የሚያሳዩ ሥዕሎች ለሕዝብ ታይተዋል። በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ከተማ የሚባል ነገር በጭንቅ ነው የሚታየው። ድንኳንና የሣር ጎጆ በየጕብታው ተበትኖ፣ በመካከሉም ባዶ መስክና ሸለቆ ይታያል፤ ጦር ለአንድ ሌሊት ሰፍሮ ነገ የሚነሣ ይመስላል። ይህ ድንኳን የሰፈረበት መስክ ነው ዛሬ ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት።

ስለ ምድር ሥዕል ስናነሣ አስቀድሞ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ምድርን ብቻዋን ሥለው አያውቁም ለማለት ይቻላል። በጎንደር ዘመን የተሣሉትን የግድግዳና የብራና ሥዕሎች ብንመለከት ከቅዱሳኑ በስተጀርባ ያለው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ተራራ ቢሣል ታሪኩ ተራራ ስለሚጠይቅ ነው፤ ዛፍም ቢሣል እንዲሁ። ይህም ጕድለት አይደለም፤ ሠዓሊው ዐይናችን ወደ ቅዱሱ ፊት እንዲሄድ ፈልጎ ያደረገው ነው። እንግዲህ ሰውም ታሪክም ሳይኖርበት ተራራና ሸለቆን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ወደ ሀገራችን የገባው በአብዛኛው ከፎቶግራፍ መሣሪያ ጋራ ነው።

መሣሪያውም የገባው በሰላም ብቻ አልነበረም። በ1852 ዓ.ም. ገደማ ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ ፎቶግራፍ ማንሻ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ እንደ መጣ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ነገር ግን የሀገራችን መልክዐ ምድር በብዛትና በሥርዐት የተነሣው በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ነው። ከጦሩ መሐንዲሶች ጋራ ፎቶግራፍ አንሺዎች ተመድበው ነበር፤ ሥራቸውም ካርታና ፕላን ማባዛት፣ መንገዱን፣ ገደሉን፣ አምባውን ማንሣት ነበር።

የዚያን ዘመን ሥራ እንደ ዛሬ ቀላል አልነበረም። የመስተዋቱ ገበታ በመድኀኒት ተቀብቶ፣ በብር ጨው ውኃ ተነክሮ፣ ገና እርጥብ ሳለ ወደ መሣሪያው ገብቶ ብርሃን ማየትና ወዲያውም ሳይደርቅ መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ አንሺው በሄደበት ሁሉ ጨለማ ድንኳን፣ ንጹሕ ውኃ፣ ብዙ ጠርሙስና የሚሰበር መስተዋት በበቅሎ ያስጭን ነበር። በእንዲህ ያለ ድካም የመቅደላ ገደልና በሩ በመስተዋት ላይ ተቀረጸ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ዐረፉ፤ አምባው ሚያዝያ 10 ቀን ተቃጠለ። የንጉሡ በሕይወት ሳሉ የተነሣ ፎቶግራፍ የለም፤ የሞቱበት አምባ ግን አለ። የመጀመሪያዎቹ የሀገራችን የምድር ፎቶግራፎች የጦር መሣሪያ ነበሩና፣ አንድ ሥዕል ስናይ ምን እንዳለበት ከመጠየቅ ጋራ ማን፣ ለምን አነሣው ብለን መጠየቅ የሚገባን ስለዚህ ነው።

በሸዋ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1871 ዓ.ም. ወደ አንኮበር የመጣው የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የንጉሥ ምኒልክ ባለሟል ሆኖ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ድልድይ የሠራ፣ በኋላም ከእንጦጦ ሥር ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ ያወረደ እርሱ ነው። ከሥራው ጋራ ብዙ ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ እነዚህም በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተጠብቀው ኖረዋል። በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን እንደ ጻፉት፣ ከካህናት አንዳንዶቹ ይህን መሣሪያ አይተው የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ለንጉሡ ቢያመለክቱ፣ ምኒልክ ተቈጥተው ይህን ሥራ የሚያስችለውን ነገር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ብለው መለሱላቸው። በዚህ የሚቀየም ካህን ዛሬ እንደማይኖር ተስፋ አለኝ። የእነዚያ አባቶች ፍርሃት ከንቱ ነው ብዬ አልፈርድም፤ መልክ ከሰው ተለይቶ ወደ ባዕድ ሀገር መሄዱ ለማንም ቢሆን የሚያስደነግጥ ነገር ነበር። በእርግጥም ሄዷል።

አሁን ከራስ እንጀምር።

የአዲስ አበባ ራስ እንጦጦ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አራዳ በበኩሉ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለ ጕብታ ላይ ተቀምጧል። ምኒልክ ከተማቸውን በ1870ዎቹ ዓመታት በዚህ ተራራ ላይ አድርገው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ነገር ግን ብርዱና ነፋሱ ብርቱ ነበረና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰይመውት ስለ ነበር፣ ሰዉ ቀስ በቀስ ወደዚያ ወረደ። በምኒልክ ዘመን ከታች ወደ ላይ የተነሡ ፎቶግራፎችን ያየ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደንቀው የተራራው ራቁትነት ነው። ዛሬ እንጦጦ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ባሕር ዛፍ በዚያ የለም። ጀርባው የተላጨ ራስ ይመስላል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድሮው መስተዋት ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ፣ አረንጓዴውንና ቀዩን አሳንሶ ስለሚቀበል ሰማዩ ሁልጊዜ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይወጣል፤ የክረምት ደመና በእነዚያ ሥዕሎች ፈጽሞ የማይታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሣርና ቍጥቋጦም ጠቍሮ ከመሬቱ ጋራ ይቀላቀላል። ስለዚህ ፎቶግራፉን ብቻ ይዞ ተራራው ባዶ ነበር ማለት ችኰላ ይሆናል። የተጻፈው ታሪክ ግን ከሥዕሉ ጋራ ይስማማል። ከተማው በእንጦጦ ሳለ ለቤትና ለማገዶ ሲባል ጥዱና ወይራው ተቈርጦ አለቀ፤ ለሕንጻ የሚሆን እንጨት ከመናገሻ ደን ይመጣ ጀመር፤ ማገዶም ከቀን ወደ ቀን ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። ችግሩም ስለ በረታ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ያ ቤተ መንግሥት ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኗል።

አዲስ አበባን ያዳናት ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የባሕር ዛፍ ዘር ወደ ሀገራችን ገባ፤ ያስመጣውም ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ሕዝቡ «ባሕር ዛፍ» አለው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ስለሚያድግና ቢቈረጥም ከግንዱ እንደገና ስለሚያቈጠቍጥ፣ ንጉሡም ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነጻ ስላደረጉ፣ ሰው ሁሉ በየግቢው ተከለ። ውኃ ያደርቃል የሚል ክስ ወዲያው ስለ ተነሣበት በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከዛፉ ሁለት ሦስተኛው እጅ ተነቅሎ በምትኩ እንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ታዞ ነበር፤ ትእዛዙን ግን የፈጸመ የለም። ስንት ዓመት ማገዶ ፍለጋ የተንከራተተ ሕዝብ በእጁ የገባውን ዛፍ ነቅሎ ይጥላል ብሎ ማሰብ በእውነቱ የዋህነት ነው። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል በተሰቀሉ ፎቶግራፎች ላይ ማየት ይቻላል። በ1880ዎቹ ራቁት ምድር፣ በ1890ዎቹ በየአጥሩ ውስጥ ቀጭን ቀጭን ችግኝ፣ በ1910ዎቹ ደግሞ ቤቶችን የዋጠ ጫካ። በዚህ በኋለኛው ጊዜ የመጡ መንገደኞች አዲስ አበባ ከሩቅ ስትታይ ደን እንጂ ከተማ አትመስልም ብለው ጽፈዋል።

ከዚያ ወዲህም ራሱ ጠጕር መለወጡን አልተወም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለ አደራ ማኅበር በእንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉን በጥድ፣ በወይራና በሌላም የሀገር ዛፍ የመተካት ሥራ ጀመረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ባለችው ሙዚየም የምኒልክና የጣይቱ ልብስና ንዋይ ተጠብቋል። ከዚያ ወጥቶ ቍልቍል ለሚመለከት ሰው ዛፉ ዐይኑን ይጋርደዋል፤ የድሮው ፎቶግራፍ አንሺ ቆሞ ከተማይቱን በአንድ እይታ የጠቀለለባቸው ብዙዎቹ ስፍራዎች ዛሬ ምንም አያሳዩም። በዚያው ጥላ ሥር ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች በጥንቶቹ የምድር ሥዕሎች ላይ ፈልጌ ማግኘት ከባድ ነው፤ መሣሪያው ተራራውን ለማግባት ሲርቅ የተሸካሚዋን ሴት መልክ ይጥለዋል።

ደረቱ የቤተ መንግሥቱ ጕብታና በዙሪያው ያሉት ሰፈሮች ናቸው። በሥዕሉ ላይ ቤቶቹ በአንድ ስፍራ ተከማችተው፣ ቀጥሎ ሰፊ ባዶ ሜዳ፣ ከዚያም ወንዝ፣ ከወንዙም ማዶ ሌላ ክምችት ይታያል። ይህን የማያውቅ ሰው ከተማይቱ ያለ ሐሳብ የተበተነች ይመስለዋል፤ ሥርዐቱ ግን የጦር ሰፈር ሥርዐት ነው። መኰንኑ ጕብታውን ይይዛል፣ ጭፍራው በዙሪያው ይሰፍራል፣ የሰፈሩም ስም በጌታው ስም ይጠራል። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰሉ ስሞች የቀሩልን ከዚህ ነው። እያንዳንዱ ጕብታ አንድ ጌታ፣ እያንዳንዱ ሸለቆ አንድ ወሰን ነበር ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም።

እግሯ አራዳ ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ታላቁ ገበያ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰውና ከብት ይሞላበት ነበር። እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ ቡናው፣ በቅሎው፣ አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር በዚያ ይለዋወጥ ነበር፤ የነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስም ሥልጣን በዚህ ገበያ ላይ ነበር። በገበያው መካከል ወንጀለኛ የሚሰቀልበት ትልቅ ዛፍ ቆሞ እንደ ነበር መንገደኞች ጽፈዋል። በፎቶግራፍ ግን ገበያው ከሩቅ ሲታይ ነጭ ጥጥ የተበተነበት መሬት ይመስላል፤ ያ ነጭ ሁሉ የሸማ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ባዶ ከሆነው ተራራ ሥር ይህን ያህል ሕዝብ ሲታይ የማገዶው ጭንቀት ምን ያህል እንደ ነበረ ያለ ቃል ይገባናል።

በዚሁ በአራዳ የፎቶግራፍ ሥራ ንግድ ሆነ። የአርመን ተወላጅ የሆነው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1898 ዓ.ም. ገደማ መጥቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ በ1920 ዓ.ም. ገደማ ሲሞት ልጆቹ ሥራውን ቀጠሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ቶኒ የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ብዙ ሥዕል አንሥቷል። ሞዲ የተባለ የሕንድ ተወላጅም በከተማይቱ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። የከተማይቱ እይታ በፖስታ ካርድ እየታተመ ወደ አውሮፓ ይላክ ነበር። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮው በርካሽ ይገባ ጀመር፤ በሥዕሎቹም ላይ የሣሩ ክዳን እያነሰ፣ የፀሐይ ብርሃን የሚመልስ ነጭ ጣሪያ እየበዛ ይሄዳል። የነጋዴው ፎቶግራፍ አንሺ ዐላማ ገንዘብ ነበር፤ ስለዚህም የሚያምረውን እንጂ የተበላሸውን አላነሣም። ቢሆንም ሥዕሉን ለማሳመር ሲል ወደ ኋላ በራቀ ቍጥር ሳያስበው ብዙ ነገር አግብቶልናል፤ አጥሩን፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ ሰው የሚመላለስበትን የእግር መንገድ።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ፎቶግራፍ እንደገና የጦር መሣሪያ ሆነ። ሉቼ የተባለው የፋሽስት መንግሥት የፊልምና የፎቶግራፍ ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ነበር። በእነዚያ ሥዕሎች ሰፊው መስክ ባለቤት የሌለው፣ አራሽ የሚጠብቅ ምድር ሆኖ ይታያል፤ ይኸው መስክ በምኒልክ ዘመን ሥዕል የጭፍራ መስፈሪያ ነበር። መሬቱ አንድ፣ ሐሳቡ ሁለት። የአራዳ ገበያ በዚያን ጊዜ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ተባለ፤ አራዳም በቋንቋቸው «ፒያሳ» የሚለውን ስም አገኘ፤ ስሙ ከነጻነት በኋላም ቀረ። በ1929 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል በእሳት አቃጠሉት፤ ኋላ ታድሶ እስከ ዛሬ ቆሟል።

እነዚህ ሁሉ ሥዕሎች ዛሬ በልዩ ልዩ ስፍራ ተበትነዋል። በ1955 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ብዙ ሰብስቧል። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት ከዴኒስ ዤራር ጋራ በፈረንጆች 1996 ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ ፎቶግራፎችን በአንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከተቋም ውጪ፣ በየቤቱ ሣጥንና በየደብሩ ዕቃ ቤት፣ ያለ ስምና ያለ ዘመን የተቀመጠው ብዙ ነው። ብራናችን ላይ ጸሐፊው በመጨረሻ ገጽ ስሙን፣ ያስጻፈውን ሰውና የነገሠውን ንጉሥ ይጽፋል፤ ፎቶግራፍ ግን ከኋላው ካልተጻፈበት ከሁለት ትውልድ በኋላ ዲዳ ነው።

ይህን ነገር አሁን የማነሣበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ጥንታውያን ሰፈሮች ፈርሰው፣ ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ የከተማይቱ ዳርቻ ተዛውረዋል፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመርቋል። ጠባቡና ያረጀው ቤት ለኖረበት ሰው ምን ያህል መከራ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው መፍረሱን ሁሉ በልቅሶ አይቀበለውም፤ እኔም አላደርገውም። ነገር ግን መልክዕ እስከ መቃብር ድረስ ይከተላል ብያለሁና፣ የአራዳን መልክ የሚጽፍ ሰው ይህን ገጽ ዘልሎ ማለፍ አይችልም። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ያ መንገድ በየት በኩል ይታጠፍ እንደ ነበር፣ ከየትኛው በር እንጦጦ ይታይ እንደ ነበር የሚመሰክረው የሰው ትዝታና ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ትዝታ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ተበትነዋል። የምድር ሥዕሎቹ ከነገሥታቱ ሥዕል ተለይተው፣ በዘመን ቅደም ተከተል፣ ከዚያው ከአራዳ ጕብታ ላይ ቢሰቀሉ፣ ተመልካቹም ከሥዕሉ ዐይኑን አንሥቶ በመስኮት ያንኑ ተራራ ቢያይ፣ ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ይሆን ነበር።

ስም የሌለውን ሥዕል ስፍራውን ማወቅ አስቸጋሪ ቢመስልም መንገድ አለው። ቤቱ ይፈርሳል፣ ዛፉ ይቈረጣል፣ የእንጦጦ ጀርባ መስመር ግን አይለወጥም፤ የተራራውን ጕብታና ጕድባ ከሰማዩ ጋራ በሚገናኝበት መስመር አስተካክሎ ማየት ፎቶግራፍ አንሺው በምሥራቅ ወይም በምዕራብ እንደ ቆመ ይናገራል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ስምንት ማዕዘን ስላለው የትኛው ገጹ ፊት ለፊት እንደ ሆነ ማየት አቅጣጫውን ያጠብቃል። ካቴድራሉ በሥዕሉ ላይ ከታየ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ነው፤ የምኒልክ ሐውልት በአጠገቡ ከቆመ ከ1923 ዓ.ም. ንግሥ ወዲህ ነው፤ ሐውልቱ ከታጣም ምናልባት ጠላት አንሥቶት በነበረበት ዘመን ይሆናል። ባሕር ዛፉ ከአጥሩ አንሶ ወይም ከጣሪያው በልጦ መታየቱም ዓመቱን በግምት ያመለክታል። በቤቱ ወይም በደብሩ እንዲህ ያለ ሥዕል ያለው ሰው አረጋውያኑ ገና በሕይወት ሳሉ ጠይቆ፣ የቆመበትን ስፍራና የሚታዩትን ሰፈሮች ስም በጀርባው ከዳር በኩል ይጻፍ፤ በቀለም ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫን፣ ምክንያቱም ቀለም ወደ ፊቱ ዘልቆ ሥዕሉን ያበላሻል።